«ወራጅ አለ!» ብዬ ከወረድኩ ወዲህ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሳነብ ብዙ ጊዜዬ ነው፤ እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬ 36 ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለችኝ። የሠርግ ካርድ፣ ደረሰኝ፣ የሙት ዓመት መጥሪያ፣ የመጣውን ሁሉ እናትማለን። ቤቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው።

ነገሩ የጀመረኝ ባለፈው ኅዳር ነው። ማታ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ የኋላው ወንበር ላይ መሃል ተቀምጬ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ መንገዱ ተዘጋጋ። ድንገት ልቤ እንደ ከበሮ ይደልቅ ጀመር። ላብ አጠመቀኝ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ አየር አጠረኝ። በቃ ልሞት ነው አልኩ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ «እዚህ አይወረድም» ሲለኝ ሰው ረግጬ፣ በሩን ራሴ ከፍቼ ወረድኩ። በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ሄጄ ኢሲጂ ተነሣሁ፤ ልብህ ደህና ነው ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሌላ ቦታ ሄጃለሁ። «ምንም የለብህም» ነው የሚሉኝ። የመጨረሻው ሐኪም ብቻ «ጭንቀት ነው፤ ድባቴም የጀመረህ ይመስለኛል» ብሎ ፍሎክሰቲን የሚባል መድኃኒት አዘዘልኝና ወደ አማኑኤል ሪፈር ጻፈልኝ።

አማኑኤል! ልጆች ሆነን «አማኑኤል ግባ» ስድባችን ነበር። ወረቀቱንም መድኃኒቱንም ሱቅ ውስጥ ከካርድ ናሙናዎቹ ሥር ደብቄያቸዋለሁ። ታክሲ ከተሳፈርኩ ወራት ሆነኝ። በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ፣ ፒያሳን አልፌ፣ ቸርችልን ቁልቁል ወርጄ እስከ ልደታ በእግሬ ነው የምገባው። ስለማመሽ ባለቤቴ ሌላ ሴት ይዟል ብላ ጠርጥራኛለች፤ እኔ ደግሞ «ሥራ በዛ፣ ጨጓራዬም አሞኛል» እላታለሁ። እንቅልፍ እንዲወስደኝ ሁለት ሦስት መለኪያ አረቄ እጠጣለሁ፤ አንዳንድ ቀን ጓደኛዬ የሰጠኝን ዲያዜፓም እውጣለሁ። እንዲያም ሆኖ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ነቅቼ ነገር ሳብሰለስል ይነጋል። ሥራው አስጠላኝ። ልጆቼ ሲስቁ ከሌላ ቤት የሚመጣ ድምፅ ይመስለኛል። ባለፈው ደግሞ ሚያዝያ 18 የሚለውን የሠርግ ካርድ ሚያዝያ 28 ብዬ 400 አተምኩ፤ ስሕተቱን ያየው ሙሽራው ነው። በዚህ ሥራ 15 ዓመት ስቆይ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

እናቴ «የሰው ዓይን ነው» ብላ እንጦጦ ማርያም ሁለት ሱባኤ ጸበል ግባ ትለኛለች። ጸበል የገባ ሰው ደግሞ ኪኒን አይውጥም ባይ ናት። አንዳንድ ሌሊት ተኝቼ በዚያው ባልነቃ እላለሁ። እያበድኩ ነው? ለባለቤቴስ ምን ልበላት?

ስሜ ይቆይ፣ ከአራት ኪሎ

*

ወንድሜ፣

ከደብዳቤህ መጨረሻ ልጀምር። «ባልነቃ» የምትለዋን ጣል አድርገህ አልፈሃታል፤ እኔ ግን ላልፋት አልቻልኩም። ሐሳቡ «ባልነቃና ባረፍኩ» ብቻ ነው? ወይስ ራስህን ስለማጥፋት፣ በምንና እንዴት እስከ ማለት ደርሶ ያውቃል? እንዲህ በግልጽ የምጠይቅህ መልሱ ቀጣዩን ነገር ሁሉ ስለሚለውጠው ነው። ሁለተኛው ከሆነ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። ዛሬውኑ ለባለቤትህ ወይም ለምታምነው ሰው ንገር፣ ብቻህን አትደር፣ ዲያዜፓሙን ከእጅህ አውጣ፣ በአቅራቢያህ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዘውህ ይሂዱ። የደብዳቤዬን ቀሪ ከዚያ ስትመለስ ታነበዋለህ። የመጀመሪያው ከሆነም ትንሽ ነገር ነው ብለህ አትተወው። ድባቴ የያዘው ብዙ ሰው የሚያስበው ሐሳብ ነውና ሐኪሙ ፊት ስትቀመጥ ሳታሳንስ፣ እኔ ጋ እንደጻፍከው አድርገህ ንገረው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አላበድክም።

ታክሲው ውስጥ ያገኘህ ሐኪሞች ፓኒክ የሚሉት ነው። ሰውነታችን ውስጥ አደጋ ሲመጣ የሚያነቃን ዘበኛ አለ። ጅብ ቢያሳድድህ ልብህን በፍጥነት የሚያስመታው፣ ትንፋሽህን የሚያስቆራርጠው፣ ደምህን ወደ እግርህ የሚልከው እሱ ነው። አንተ ጋ ዘበኛው ድመት አይቶ ጥይት ተኮሰ። ጥይቱ ግን እውነተኛ ነው፤ ልብህ የመታው በእውነት ነው፣ ያላበህ በእውነት ነው። ጣቶችህ የደነዘዙት አየር አጥሮህ አይደለም፤ ከሚገባው በላይ ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ በደምህ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ነው። ማዕበሉ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ገደማ ጫፍ ላይ ይደርስና ሳትነካው ይወርዳል። አንተ ይህን ለማየት ዕድል አላገኘህም፤ ጫፍ ላይ ሳለ ወረድክ። ከዚያ በኋላ አእምሮህ «የዳንኩት ስለወረድኩ ነው» ብሎ መዘገበ። ከኅዳር ጀምሮ በእግርህ የሚያስኬድህ ይህች የተሳሳተች መዝገብ ናት።

«ምንም የለብህም» ያሉህ ሰዎች ልብህ ደህና መሆኑን ለማብሰር ብለው ይሆናል፤ ቃሉ ግን ያናድደኛል። ሞቶ የተነሣ የመሰለውን ሰው ምንም የለብህም ብሎ ማሰናበት «ዋሽተሃል» ከማለት በምን ይለያል? አለብህ፤ ስም ያለው፣ የሚታከም ነገር ነው ያለብህ። የመጨረሻው ሐኪም የሰጠህ ሁለቱም ስሞች፣ ጭንቀትና ድባቴ፣ ከእውነቱ ሳይቀርቡ አልቀሩም። ሌሊት 9 ሰዓት ነቅቶ ማብሰልሰል፣ የሚወዱት ሥራ መጥላት፣ የልጅ ሳቅ ከሌላ ቤት የሚመጣ መስሎ መሰማት፣ 18ን 28 ማለት፣ እነዚህ ሁሉ የድባቴ መልኮች ናቸው። አንድ ቀን ሆድን ባር ባር ማለት ማንንም ያገኛል። እንዲህ ያለው ስሜት ግን ቀኑን ሙሉ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ ሐኪም ማየት አለበት። አንተ ወራት ቆይተሃል። ጭንቀትና ድባቴ ደግሞ ተያይዘው መምጣት ይወዳሉ።

ለነገሩ እኛ ጋ ድባቴ «ከፋኝ» ብሎ አይመጣም። ጨጓራ ሆኖ፣ ራሴን ያቃጥለኛል ሆኖ፣ ሰውነቴን ወረረኝ ሆኖ ይመጣል። አንዲት አክስቴ በጨጓራ ስም ስንት ዓመት ወተት ስትጠጣ ኖራ፣ የሆዷ ሕመም የተሻላት የሞተ ልጇን ስም አንስታ ለአንዲት ነርስ ካለቀሰች በኋላ ነው። አንተም ለባለቤትህ «ጨጓራዬን» ያልካት፣ ጨጓራ ማንም የማያፍርበት በሽታ ስለሆነ ይመስለኛል።

ብቻህን አይደለህም ማለት የሰለቸ አነጋገር ነውና ቁጥሩን ብቻ ልስጥህ። በዓለም ጤና ድርጅት ስሌት በ2019 እ.ኤ.አ. የጭንቀት ሕመም ያለባቸው 301 ሚሊዮን፣ ድባቴ ያለባቸው 280 ሚሊዮን ሰዎች ነበሩ። የሌለ ድምፅ የሚሰማበት፣ ከእውነታው የሚያለያይ ሕመም ሌላ ነው፤ አንተ የጻፍክልኝ ውስጥ እሱን የሚመስል ነገር አላየሁም። ያም ቢሆን ሕመም ነው፣ ያም ይታከማል፤ መሰዳደቢያ ያደረግነው እኛ ነን።

ስለ አማኑኤል ስም ትንሽ ላውራህ። ሆስፒታሉ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ ሲሆን ለብዙ አሥርት ዓመታት በሀገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከየጠቅላይ ግዛቱ እጅግ የጠናበት ሰው ሁሉ፣ አንዳንዱም ታስሮ፣ የሚመጣው እዚያ ነበር። እዚሁ አገር ውስጥ ስፔሻሊስት የአእምሮ ሐኪም ማሠልጠን እንኳ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ ያየው የመጨረሻውን የሕመም ደረጃ ብቻ ስለነበር ስሙ ስድብ ሆነ። ዛሬ ብትሄድ ተመላላሽ ክፍሉ ወረፋ ላይ የምታገኘው ካርዱን ይዞ ስልኩን የሚነካካ፣ ታይቶ ወደ ሥራው የሚመለስ እንዳንተ ያለ ሰው ነው። ደግሞም ያየኛል ብለህ የምትፈራው ሰው ሊያይህ የሚችለው እሱም እዚያ ከመጣ አይደል?

እንዲያም ሆኖ በሩን መርገጥ ዛሬ ከከበደህ አልፈርድብህም። ጥቁር አንበሳም፣ ጳውሎስም፣ ዘውዲቱም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ሪፈሩን የጻፈልህን ሐኪም ወደ አንዱ እንዲለውጥልህ ጠይቀው። ልብ ብለህ ከሆነ ቸርችልን ቁልቁል ስትወርድ በየማታው በጥቁር አንበሳ ደጃፍ ታልፋለህ።

እስቲ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። ሕመሙ ራሱ ስንት ወሰደብህ? ጥቂት የጭንቅ ደቂቃዎች፣ የተቆራረጠ እንቅልፍ፣ አንድ የተበላሸ ካርድ። መደበቁስ? በየቀኑ ከሰዓት በላይ የእግር መንገድ፣ በየማታው አረቄ፣ ያለ ሐኪም የሚዋጥ ዲያዜፓም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያላደረግኸውን ውስልትና ተሸክመህ ቤትህ መግባት። ለእኔ መደበቁ ከሕመሙ በልጦብሃል። ለዚህ ነው ከሐኪሙም በፊት ባለቤትህ ጋ ሂድ የምልህ።

ምን ልበላት ላልከኝ፦ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ፣ ሪፈሩንና መድኃኒቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ። «የማመሸው በእግሬ ስለምመጣ ነው። ታክሲ ውስጥ ልሞት የመሰለኝ ቀን አለ፤ ከዚያ ወዲህ እፈራለሁ። ሐኪም ጭንቀት ነው ብሎኛል። የደበቅኩሽ አፍሬ ነው» በላት። ከዚህ በላይ አታስረዳ፤ ወረቀቱ ቀኑን ይዟል፣ ይመሰክርልሃል። ልትቆጣ ትችላለች፤ ወራት መዋሸት ያስቆጣል። ልታለቅስም ትችላለች። ግን አንድ ነገር አስብ፤ ይህች ሴት ለወራት የፈራችው ሌላ ሴትን ነው። ባሏ ታሞ እንጂ ሄዶባት አለመሆኑን መስማት ምን ያህል እንደሚያሳርፋት እኔ ሴት ስለሆንኩ እገምታለሁ።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ ከካርዱ ሥር አውጥተህ ነገ ጠዋት ዋጠው አልልህም። ብዙ ጊዜ አልፎታል፣ አረቄና ዲያዜፓምም ገብተውበታል፤ ሐኪሙ እንደገና ይይህ። ስትሄድ የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ እንዲታዘዝልህ ጠይቅ። ከመጠን በላይ የሚሠራ ታይሮይድ (የእንቅርት ዕጢ) ልብ ማስመታት፣ እጅ ማንቀጥቀጥና ማስላብ ስለሚችል ጭንቀት መስሎ ያታልላል። ከዚያ ፍሎክሰቲኑን ጀምር ከተባልክ ይህን እወቅ፦ እንደ ራስ ምታት ኪኒን በዚያው ቀን አይሠራም። ለውጡ መታየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ከዚያም ይዘገያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና ትንሽ መቁነጥነጥ ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ሰው «ባሰብኝ» ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። አንተ ከመጣልህ በፊት ሐኪምህ ጋ ደውል፤ ያ «ባልነቃ» የሚለው ሐሳብ ከበረታብህ ግን ሳትደውል ሂድ። ከተሻለህም በኋላ ለወራት ይቀጥላል፣ የሚቆመውም ቀስ ተብሎ ነው። ሱስ ያስይዘኛል ብለህ ከሆነ የፈራኸው፣ ሱስ የሚያስይዘው ጓደኛህ የሰጠህ ዲያዜፓም ነው። ከአረቄ ጋር ደግሞ ትንፋሽ እስከ መያዝ ይደርሳልና ሁለቱን በአንድ ሌሊት አትደባልቅ። ምን ያህል እንደምትወስድ ለሐኪሙ ሳትቀንስ ንገረው፤ ለረጅም ጊዜ ከወሰድከው በድንገት ማቆሙም የራሱ ችግር አለው። አረቄው ያስተኛሃል፣ እውነት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚቀሰቅስህም እሱ መሆኑን ግን ጠርጥረህ ታውቃለህ?

ቡናውንም አንሣልኝ። ማተሚያ ቤት ውስጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ ከሰዓት ማኪያቶ፤ ሥራችሁን አውቀዋለሁ። ካፌይን ያንን ዘበኛ ይበልጥ ያስደነብረዋል። ተወው ብልህ ስለማትሰማኝ በአቦሉ ብቻ ተመለስ። ጫት ካለም እንደዚያው።

እናትህን አትጣላት። እንጦጦ ውጣ፣ ተጠመቅ፣ ጸልይ፤ እዚያ የሚገኘው ሰላም፣ የእናትህም አብራህ መቆም መድኃኒት ቤት አይሸጥም። ኪኒኑን ግን ለጸበል ብለህ አታቋርጥ። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ በፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ጊዜም ተነሥቶ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረው ነበር። እናትህ እኔን ላትሰማ ትችላለች፤ የንስሐ አባታችሁን ግን ትሰማለች። አንተ ከእሷ ጋር ከመከራከር ቀድመህ እሳቸውን አነጋግርና ቃሉ ከእሳቸው አፍ ይምጣ።

የቀረችው ታክሲዋ ናት። የንግግር ሕክምና የሚሰጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ ካገኘህ ይህን ከእሱ ጋር ብትሠራው ይመረጣል፤ ዋናው ሐሳብ ግን ቀላል ነው፤ የሸሸኸውን በትንሽ በትንሹ መልመድ። ሰልፍ በሌለበት ሰዓት፣ እሑድ ረፋድ ይሁን፣ ባለቤትህን አጠገብህ አድርገህ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ብቻ ተሳፈር። በሩ አጠገብ ተቀመጥ። ልብህ መምታት ይጀምራል፤ ይጀምር። በአፍንጫህ እስከ አራት እየቆጠርክ አስገባ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርክ ቀስ ብለህ አስወጣ። ሰዓትህን እያየህ ጠብቅ። ማዕበሉ ሳይወርድ «ወራጅ አለ» አትበል፤ ፒያሳ ብትደርስና ገና ካልወረደ ሌላ ሒሳብ ከፍለህ እስከ ቴዎድሮስ ቀጥል። ማዕበሉ በራሱ ሲበርድ አንድ ጊዜ ካየኸው ያቺ መዝገብ መታረም ትጀምራለች። ሜክሲኮና የኋላው ወንበር የወር ከምናምን ሥራ ናቸው፣ አትቸኩል። ባይሳካልህም ወረድክ ማለት ነው፣ ሌላ እሑድ አለ።

በነገራችን ላይ ሙሽራው ምን አለህ? ካርዱን በራስህ ወጪ መልሰህ እንዳተምክለት አልጠራጠርም፤ 15 ዓመት ደንበኛ ያቆየ ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው። እስክትድን ድረስ ግን ቀንና ስም ያለበትን ነገር ሁሉ ከመታተሙ በፊት ሌላ ሰው እንዲያነብልህ አድርግ። ሠራተኛህ «ምን ሆነህ ነው?» ካለህ «አሞኛል፣ እየታከምኩ ነው» ይበቃል።

ሰኞ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ሆስፒታሉ ድረሱ፣ ካርድ ክፍል ሰልፉ ቶሎ ይረዝማል። መታወቂያህን፣ የድሮዎቹን የኢሲጂ ወረቀቶችና የዲያዜፓሙን ቅጠል ባለቤትህ ቦርሳዋ ውስጥ ትያዝልህ። ታክሲው ካስፈራህ በእግር ሂዱ፤ መንገዱን አንተ ታውቀዋለህ።